ስለ አንድ የቁራሌ ነጋዴ፣ ለልጄ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። አባትህ ወገቡን እያመመው ነው፤ ሐኪም ጋ ሂድ ሲባል እሺ አይልም፣ ታውቀዋለህ።

ባለፈው በስልክ ያልከኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። አብሮህ የሚኖረው ሙስሊሙ ልጅ የተለያየ እምነት ያላቸው ተማሪዎች የሚወያዩበት ስብሰባ ላይ ሲጋብዝህ «ሻይ እየጠጡ መተቃቀፍ ነው፣ ምንም አይፈይድም» አልኩት አልከኝ። እኔ ስልክ ላይ መከራከር አይሆንልኝም። አንተ ቶሎ ቶሎ ታወራለህ፣ እኔ ቃል ስፈልግ ርዕስ ቀይረሃል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልህ። ዓመቶቹን እንዳትምታታ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጥልህ።

የተለያየ እምነት ያላቸውን ሰዎች በማቀራረብ የታወቁ፣ ሰር ሲግመንድ ስተርንበርግ የሚባሉ አይሁዳዊ ነበሩ። ለንደን ውስጥ ፊንችሌይ፣ ኢስት ኤንድ ሮድ ላይ በስማቸው የሚጠራ የአይሁድ ማዕከል አለ። በ1921 ቡዳፔስት ተወለዱ፣ በ1939 ጦርነቱ በተነሳበት ዓመት ገና በወጣትነታቸው እንግሊዝ ገቡ። ያን ጊዜ ባይወጡ ምን እንደሚጠብቃቸው ለመገመት አይከብድም፤ በ1944 ሁለት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ከ400,000 በላይ የሃንጋሪ አይሁዶች በባቡር ተጭነው ሄዱ፣ አብዛኞቹም ፖላንድ ውስጥ ወደነበረው የናዚዎች የሞት ካምፕ፣ ወደ አውሽዊትዝ።

ለንደን ላይ ሀብት ያፈሩት በምን መሰለህ? በቁርጥራጭ ብረት። ያው ቁራሌ በለው። አጎትህ ምናለሽ ተራ ወስዶህ በጫጫታው ጆሮህን የያዝክበት ዓይነት ሥራ፣ በትልቁ። ይህን የምነግርህ ሰውዬው የሃይማኖት ሊቅ እንዳልነበሩ እንድታውቅልኝ ነው። ነጋዴ ነበሩ። ነጋዴ ደግሞ ዛሬ በዋጋ ካልተስማማ ነገ ተመልሶ ይመጣል እንጂ ደንበኛውን አይሰድብም። እኔ እንደሚመስለኝ ሰውዬውን የጠቀማቸው ይሄ ነው።

አንተ «ምንም አይፈይድም» ስላልክ የፈየደውን ልንገርህ።

በ1984 የካቶሊክ መነኮሳይት አውሽዊትዝ ካምፕ ግንብ አጠገብ ያለ አንድ ሕንፃ ውስጥ ገቡና ገዳም አደረጉት። ናዚዎች የመርዝ ጋዙን ቆርቆሮ ያከማቹበት የነበረ ሕንፃ ነው። ሴቶቹ ክፉ አላሰቡም፣ ለሞቱት ሊጸልዩ ነው የገቡት። እኔም እንደ ክርስቲያን መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥያቄ «ጸሎት ምን ክፋት አለው?» ነው። ግን ከአይሁዱ በኩል ሆነህ እየው። እዚያ ከተገደሉት ወደ 1.1 ሚሊዮን ሰዎች አንድ ሚሊዮን ያህሉ አይሁዶች ናቸው፣ መቃብር እንኳ የላቸውም፣ አሁን ደግሞ በአመዳቸው ላይ መስቀል ይተከላል። የሞቱብህን ሰዎች ሌላ ሰው በራሱ ሥርዓት ሲያለቅስልህ፣ ያውም ሳይጠይቅህ፣ ምን ይሰማሃል?

በ1987 ጄኔቫ ላይ የካቶሊክና የአይሁድ መሪዎች ተቀምጠው ገዳሙ በሁለት ዓመት ውስጥ ይነሳል ብለው ተስማሙ። ጊዜው ደረሰ፣ ገዳሙ ንቅንቅ አላለም። በ1989 ሐምሌ ላይ የአይሁድ ተቃዋሚዎች ግቢው ገብተው ተደበደቡ። የፖላንዱ ካርዲናል ግሌምፕ ነሐሴ ላይ የሰበኩት ስብከት ደግሞ በእሳት ላይ ቤንዚን ሆነ። በዚህ መሐል ነው የእኛ ቁራሌ ነጋዴ የሚመጡት። ያኔ የክርስቲያኖችና የአይሁዶች ዓለም አቀፍ ምክር ቤት ሥራ አስፈጻሚ ሊቀ መንበር ነበሩ። ሌላው ሲጮህ እሳቸው ከሁለቱም ወገን ጋር መነጋገራቸውን አላቋረጡም። መስከረም ላይ ካርዲናሉ ራሳቸው ስምምነቱ እንዲከበር እንደሚፈልጉ ጽፈው ደብዳቤ ላኩ፤ ደብዳቤው የተጻፈው ለስተርንበርግ ነው። ያም ሆኖ ነገሩ እዚያው አላለቀም። መነኮሳይቱ የወጡት በ1993 ነው፣ ያውም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ራሳቸው ከጻፉላቸው በኋላ። ዘጠኝ ዓመት አስብ። አንተ በአንድ ምሽት የቲክቶክ ክርክር ሰው አልተለወጠም ብለህ ተስፋ ትቆርጣለህ።

እኚሁ ጳጳስ በ1986 የሮምን ትልቁን ምኩራብ ሲጎበኙም ጉዳዩ እንዲሳካ ከደከሙት ሰዎች መሐል የስተርንበርግ ስም ይነሳል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቫቲካን ለአይሁዱ ነጋዴ የቅዱስ ጎርጎርዮስን የክብር ማዕረግ ሰጥታቸዋለች። የእንግሊዟ ንግሥት «ሰር» ያሏቸው በ1976 ነው፣ በ1998 ደግሞ በመንፈሳዊ ጉዳይ ለደከሙ ሰዎች የሚሰጠውን የቴምፕልተን ሽልማት ወሰዱ። አውቃለሁ፣ «ሜዳሊያ ይወዳሉ ማለት ነው» ትለኛለህ። ይውደዱ! ገንዘብ ያለው ሰው ስም መፈለጉ የት አገር ይቀራል? ስሙን በምን እንደሚፈልግ ነው የምጠይቀው።

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ ልምጣ። በ1997 ከሼክ ዘኪ ባዳዊና ከአንግሊካኑ ቄስ ማርከስ ብሬብሩክ ጋር ሆነው የሦስቱን እምነቶች መድረክ አቋቋሙ። ሼኩ ግብፃዊ ናቸው፣ አል አዝሃር የተማሩ። የዚያ ድርጅት ሥራ ሻይ ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤት ሄደው ልጆች ስለ ሌላው እምነት የሚከነክናቸውን ሳያስቀይሙ እንዴት እንደሚጠይቁ ያስተምራሉ፣ የተለያየ እምነት ያላቸውን ትምህርት ቤቶች ያገናኛሉ። እንዳንተ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ደግሞ አደባልቀው በቡድን ያደርጓቸውና ከፓርላማ አባል ጋር አገናኝተው የሰፈር ችግር ላይ ያሠሯቸዋል። ሰውዬው በ2016፣ በ95 ዓመታቸው አረፉ፣ ድርጅቱ በ2018 ስሙን ቀይሮ ቀጠለ።

«እኛ አበሾች እኮ ተዋደን ነው የኖርነው፣ ይሄ ለፈረንጅ ነው» እንዳትለኝ። እውነት ነው፣ በልጅነቴ ሰርግ ሲኖር ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል፣ ማንም አይቀየምም። ደስ የሚል ነገር ነው፣ አላጣጥለውም። ግን አንድ ግድግዳ ተጋርተን የኖርናቸው ጎረቤቶቻችን ስለ ኢየሱስ ምን እንደሚያምኑ ጠይቄ አላውቅም፣ እነሱም ስለ ሥላሴ ጠይቀውን አያውቁም። ነውር ነበር። አሁን ኢንተርኔት ላይ የማይተዋወቁ ልጆች ያንኑ ጥያቄ እንደ ድንጋይ ይወራወሩታል። ጎረቤቱን ቡና ላይ የመጠየቅ ልምድ የነበረው ሰው እንዲህ የሚሆን አይመስለኝም።

ደግሞ ሃይማኖትህ ይላላል ብዬ አልሰጋም። ስተርንበርግ እስከ መጨረሻው አይሁዳዊ ነበሩ፣ ባዳዊም ሙስሊም፣ ብሬብሩክም ቄስ። ማንም ማንን አላጠመቀም።

ስለዚህ ስብሰባው ላይ ሂድ። ካልወደድከው ሁለተኛ አትሂድ፣ አልቆጣህም፤ ግን ሄደህ ያንን ስለ ጾማቸው የሚከነክንህን ጥያቄ ለእኔ ሳይሆን ለልጁ ጠይቀው። ለፋሲካም ይዘኸው ና። ዶሮውን ከሐላል ሥጋ ቤት እገዛለሁ፣ ለአባትህ የእኛን ለብቻ እሠራለታለሁ። ቃሪያ ይበላ እንደሆነ ጠይቀህ ንገረኝ፣ ባለፈው ያመጣኸው ጓደኛህ በበርበሬው አልቅሶ ነበር። ካልሲህንም ወንበር ሥር አግኝቼዋለሁ፣ በፖስታ ልላከው ወይስ ስትመጣ ትወስደዋለህ?

እናትህ