60 ያመጣ ተማሪ የለም፦ ለመምህራን ትምህርት ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

የመምህራን ሥልጠናን ሥርዓተ ትምህርት ለምታዘጋጁ፣

ሰላም ለእናንተ። መምህር ነኝ፤ ወሬ ሳላበዛ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ሥልጠና ላይ ሳለሁ ስለ መረጃና ዳታ የተማርኩት ትርጉም ብቻ ነው። ጻፍን፣ ሸመደድን፣ ተፈትነን አለፍን። ከዚያ ክፍል ገባሁ። የመጀመሪያውን ፈተና አርሜ አማካዩ 60 ሲመጣ፣ ክፍሉ ደህና ነው ብዬ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ አለፍኩ። ቆይቼ መዝገቡን ሳየው ግማሹ ክፍል 90 አካባቢ፣ ግማሹ 30 አካባቢ ነው። 60 ያመጣ አንድም ልጅ የለም! ለካ ለሌለ ተማሪ ነበር የማስተምረው። ይህን ለማየት ኮምፒውተር እንኳ አያስፈልግም፤ ውጤቱን ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር ይበቃ ነበር፤ ግን ያሳየኝ የለም። ስብሰባ ላይ «የወደቁት በእጥፍ ጨመሩ» ሲባልም ከስንት ወደ ስንት ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም። 8 ልጆች ባሉበት ክፍል እኮ ከ1 ወደ 2 ማለት ሊሆን ይችላል።

የድረ ገጹም ነገር ያው ነው። ሥልጠና ላይ አንድ ድረ ገጽ የሚታመን መሆኑን የምንመዝንበት ቅጽ ሰጥተውን ነበር፦ የጸሐፊው ስም አለ? ቀን አለው? አቀራረቡ ጥሩ ነው? እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 45 ሰዎች ድረ ገጽ ሲመዝኑ ተከታትለው ነበር። የታሪክ ምሁራኑና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ብዙ ጊዜ እዚያው ገጹ ላይ ቆይተው በአርማና በመልኩ ተሸወዱ። ሥራቸው የመረጃን እውነትነት ማጣራት የሆነው ባለሙያዎች ግን ቶሎ ወጥተው፣ ሌላ ገጽ ከፍተው፣ ሌሎች ስለ እሱ ምን እንደሚሉ ፈለጉ። የእኛ ቅጽ ታዲያ የሚያለማምደው የተሸወዱትን መንገድ ነው።

መነሻ ሰነድ የለም እንዳትሉኝ፤ ዩኔስኮ ለመምህራን የሚሆን የሚዲያና የመረጃ ሥርዓተ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ2011 አውጥቷል፣ በ2021ም አድሶታል።

እባካችሁ ግን ሌላ የንድፈ ሐሳብ ኮርስ አትጨምሩብን። የሒሳብ ማስተማሪያ ዘዴ ላይ የውጤት መዝገብ ይነበብ። ታሪክና ሳይንስ ላይ ሠልጣኙ አንድ አጠራጣሪ ገጽ ከተማሪዎቹ ጋር ያጣራ። በተግባር ልምምድ ጊዜም ገምጋሚው የትምህርት ዕቅዱን ቅርጽ ብቻ ከሚያይ «ከዚህ ውጤት ምን አየህ? ነገ ምን ትቀይራለህ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ነጥብም ይያዝበት፣ ነጥብ የሌለውን ነገር ሠልጣኝ እንደማያነብ እናንተም በዚያው ስላለፋችሁ አታጡትም።

ከአሠልጣኞቹ ጀምሩ፤ ብዙዎቹ የተማሩት እንደኔው ነው። መለማመጃ ካጣችሁ የዚያን ክፍል መዝገብ፣ የልጆቹን ስም አጥፍቼ፣ እሰጣችኋለሁ።