ከሀዋሳ፤ ለጋሼና ለሁላችሁም እግዜር ይስጥልን

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ይህን የምልከው ባለቤቴ አንብቦት፣ «ላኪው» ብሎኝ ነው። በባለቤቴ መጠጥ የተነሳ ያለፍንበትን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደግፋችሁ እስከ በራችን ያደረሳችሁትም አላችሁ። ስለዚህ እሱን አልደግመውም። ዛሬ የምስጋና ቀን ነው።

ከጋሼ ልጀምር። ስማቸው እንዲጠራ ስላልፈለጉ ጋሼ ብቻ ልበላቸው። ሥራቸው መጠጥ መተው ወይም መቀነስ የፈለገን ሰው ከጎኑ ሆኖ መርዳት ነው፤ ኮች ይሏቸዋል። መጀመሪያ ስሰማ ምክር ይሰጡታል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ምክርማ ጠግቧል፤ ከእኔም፣ ከሽማግሌም፣ ከንስሐ አባቱም። እሳቸው ግን የመጀመሪያ ቀን «አትጠጣ» አላሉትም። «መጠጡ ምን ይሰጥሃል?» ብለው ጠየቁትና ዝም ብለው አዳመጡት። ባለቤቴ ያን ያህል ሲያወራ በትዳራችን ሰምቼው አላውቅም።

ራሳቸውም አንድ ዘመን መጠጥ ያስቸገራቸው ሰው ናቸው። ያን ቀን አንድ ታሪክ ነገሩት። እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ውስጥ፣ አክረን በምትባል ከተማ፣ መጠጥ ያሸነፋቸው ሁለት ሰዎች ተገናኙ። አንዱ የአክሲዮን ገበያ ሰው፣ ሌላው የቀዶ ሕክምና ሐኪም። እርስ በርስ ተደጋግፈው ጀመሩ፤ ዛሬ በብዙ አገር ያለው የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ማኅበር ከዚያ መጣ። ባለቤቴ ማታ ሲነግረኝ «ሐኪምም ይሸነፋል ማለት ነው» አለኝ። ሀፍረቱ ቀለል ሲለው ያየሁት ያኔ ነው።

«ከነገ ጀምሮ በቃኝ» ብሎ ሲነሳ ያስቆሙትም እሳቸው ናቸው። «እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ መጀመሪያ ሐኪም ይይህ» ብለው አብረውት ሄዱ። ለካ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ይቃዣል፣ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለውም ይችላል። ለሞት እስከማድረስም ይደርሳል። ስንቱ ቤተሰብ «ዘግተንበት እናስተወዋለን» ይላል! ይህን ስጽፍ እንባዬ እየመጣ ነው። መድኃኒቱንና ቫይታሚን ቢ1ን ሰጥታችሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ለተከታተላችሁት ሐኪሞችና ነርሶች በሙሉ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ደብተር አስገዙት። መቼ ጠጣ፣ የት፣ ከማን ጋር፣ ከዚያ በፊት ምን ሆኖ ነበር፣ ያን ብቻ ይጻፍ አሉ። ደብተሩ ሲታይ በብዛት የሚጠጣው ደመወዝ በወጣበትና መሥሪያ ቤት ግምገማ በዋለበት ቀን ነው። እኔ በጓደኞቹ ስፈርድ ነበር የኖርኩት። ከዚያ በኋላ በነዚያ ቀናት ከሥራ ሲወጣ የሚሄድበት ሌላ ቦታ ያዙለት። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ፍቅር ሐይቅ ይገናኛሉ፣ በሐይቁ ዳር ይራመዳሉ። ውል ሲለው አራት ነገር ይጠይቁታል። ርቦሃል? ተናደሃል? ብቻህን ነህ? ደክሞሃል? ከአራቱ አንዱ አይጠፋም። አምሮቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ጋብ እንደሚል ያስተማሩትም እየተራመዱ ነው።

«በሞቴ» የሚለውንስ እንዴት እንደሚመልስ! የኛ ሰው በፍቅር ነው የሚያስጠጣው፤ እምቢ ማለት ደግሞ ይከብዳል። ጋሼ እንደ ቲያትር አለማመዱት። እሳቸው ጋባዥ ሆነው «በሞቴ፣ አንድ ብቻ» ይላሉ፤ እሱ «አመሰግናለሁ፣ ዛሬ አልጠጣም፣ አምቦ ውሃ ይምጣልኝ» ይላል። ምክንያት መደርደር የለም። ሰው ምክንያት ሲሰማ ይከራከራልና።

አንድ ጊዜ ተመልሶ ጠጣ። ቤቱ ሁሉ ጨለመብን። ጋሼ በማግስቱ መጥተው አልተቆጡም፣ አላዘኑበትም። ደብተሩን አውጥተው «ከመጀመሪያው ብርጭቆ በፊት የት ነበርክ?» አሉት፤ እዚያው ላይ አዲስ ዕቅድ ጻፉ።

ስለ እኔስ ያደረጉት? «አንቺስ ዛሬ ምን በላሽ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው በዓመታት ውስጥ እሳቸው ብቻ ናቸው። ማታ ማታ በር ላይ ቆሜ አፉን ሳሸት እንደኖርኩ ያውቃሉ። «ልጄ፣ እሱን መጠበቅ ያንቺ ሥራ አይደለም፤ ተኚ» አሉኝ። ተኛሁ። ጋሼ፣ ለዚህ ቃል የለኝም። እንቅልፌን መልሰውልኛል። ልጆቼ አባታቸው ሲገባ ወደ ጓዳ መሸሽ ትተው የቤት ሥራቸውን ይዘው ይጠብቁታል። በምን እከፍልዎታለሁ?

የሰፈራችን ዕድርተኞች፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ፣ የታናሽ እህቴ ቤተሰብ፣ የእኛ መስመር ባለባጃጆች፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጎረቤቴን ግን ለብቻ ልጥቀስ። ለፋሲካ ጠላ እንዳልጠምቅ ሲወሰን እንግዳ በምን ይስተናገዳል ብዬ ተጨንቄ ነበር። እሷ ለዒድ የምታዘጋጀውን ቄሪቦ፣ የማያሰክረውን የገብስ መጠጥ፣ እንዴት እንደሚሠራ ቤቴ ድረስ መጥታ አሳየችኝ። እንግዶቹም ደግመው ጠጡ። የድራፍት ቤቱ ባለቤትም፣ ደንበኛ እንደሚያጡ እያወቁ «ለሱ ከእንግዲህ በዱቤ አይቀዳም» ብለው ለአስተናጋጆቻቸው ተናግረዋል። አልረሳውም።

ስማችሁን ወይም ውለታችሁን ያልጠቀስኩ ብዙ ናችሁ። እናንተን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ልቤ ሞልቶ ነው እንጂ ረስቼ አይደለም። የመጪው እሁድ ከሰዓት ቤታችን ቡና ይፈላል። ቄሪቦም አለ። ጋሼም እመጣለሁ ብለዋል። ሁላችሁም ኑልን።

የልጆቹ እናት፣ ሀዋሳ