ስንት መታህ?

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናንተ ናፍቆት በስተቀር እጅግ በጣም ደህና ነኝ።

አትሳቅ። እማማ ዓረብ አገር ለነበረችው እህትህ ደብዳቤ ሲያጽፉን ሁሌም በዚህ ነበር የሚያስጀምሩን። እኔ እጽፋለሁ፣ አንተ ከኋላዬ ቆመህ ፊደል ታርማለህ። ዛሬ ሦስት ወረቀት ከቀደድኩ በኋላ የእሳቸውን መግቢያ ተበደርኩ።

ስድስት ዓመት ዝም አልኩህ። ስልክ ቁጥሬን የቀየርኩት ቀፎው ጠፍቶብኝ አይደለም፤ አንተ እንዳትደውልልኝ ነው። ምክንያቱን እነግርሃለሁ። ግን ቀጥታ ልጽፈው ስል እጄ እምቢ ይለኛል። ዞሬ ዞሬ ልምጣበት፣ ታገሰኝ።

እንደምጠጣ ታውቃለህ። ምን ያህል እንደምጠጣ ግን አታውቅም። ማንም አያውቅም ነበር። ባለቤቴ «ስንት ጠጣህ?» ስትለኝ መልሴ ሁሌም «ሁለት» ነው። አንድ ብል አታምነኝም፣ ሦስት ብል ጸብ ይመጣል። ሁለት የዋህ ቁጥር ናት። ታክሲዬ ውስጥ፣ ከወንበሬ ሥር፣ አንዲት ሃይላንድ አትጠፋም ነበር። (እዚህ አሜሪካ ሃይላንድ የሚባል ውሃ የለም፤ አፌ ግን ለፕላስቲክ ጠርሙስ ሌላ ስም ሊለምድ አልቻለም።) የምሞላባት ቮድካ ነው። ቮድካ አይሸትም ያለ ሰው ዋሽቷል። ተሳፋሪ ጭኜ፣ ጠጥቼ ነድቻለሁ። ሰው ያልገደልኩት በችሎታዬ እንዳይመስልህ።

በፈረንጆቹ 2023፣ በእኛ ገና ማግስት፣ ማንንም ሳላማክር «በቃኝ» ብዬ አቆምኩ። ጀግና መሆኔ ነው። በነጋታው እጄ ብርጭቆ አልይዝ አለ። በሁለተኛው ቀን ማታ ወጥ ቤት ውስጥ አንዘፈዘፈኝና ወደቅኩ። የነቃሁት ሆስፒታል ነው። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሰውነቱ ሊንዘፈዘፍ፣ ሊቃዥ፣ ሊሞትም እንደሚችል እዚያ ነው የተማርኩት። በሐኪም እየታየ፣ መድኃኒት እየተሰጠው ነው የሚያቆመው። ከዚህ ደብዳቤ ሌላውን ብትረሳ ይቺን አትርሳ። ሰፈር ውስጥ እንደኔ ያለ ሰው «ከነገ ጀምሮ በቃኝ» ካለ፣ ጸበልም ሊሄድ ይሁን ቤቱ ሊቀመጥ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ከዚያ በኋላ ኤኤ ገባሁ። መጠጥ የተዉ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተሰብስበው፣ መራራ ቡና እየጠጡ የሚያወሩበት ነው። መጀመሪያ ቀን ታክሲዬን ሁለት መንገድ አልፌ አቆምኳት፤ የአገር ሰው እንዳያይብኝ። እኛ እኮ ስንጠጣ በአደባባይ ነው፣ ስናቆም በድብቅ።

እዚያ አንድ ሽማግሌ ስፖንሰር ሆኑኝ። ስፖንሰር ማለት እንደ ንስሐ አባት በለው፤ ጥምጣም ብቻ የላቸውም። ሰባ ያለፋቸው ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። መጠጥ ከተዉ 31 ዓመታቸው ነው። «ከቀኑ ውስጥ የሚከብድህ ሰዓት የቱ ነው?» አሉኝ። ከአሥራ አንድ ሰዓት እስከ ማታ ሁለት ሰዓት አልኳቸው። ሥራ ስጨርስ፣ ቤት ሳልገባ ያለችው ሰዓት። «በል ነገ በዚያ ሰዓት እንገናኝ» አሉኝ። የሄድነው ጎልፍ ሜዳ ነው።

ጎልፍ! እኔና ጎልፍ የምንተዋወቀው በአጥር በኩል እንደነበር ታስታውሳለህ። አሮጌው ኤርፖርት ያለው ሜዳ። በክረምት ሣር ውስጥ ኳስ ለቅመን ለዚያው ለጣለው ሰውዬ መልሰን እንሸጥለት ነበር፣ በብሩም ፓስቲ እንበላ ነበር። ኳሶቹን አንተ ነበርክ የምታካፍለው፣ አንድ ለኔ አንድ ላንተ እያልክ። አንዱን እኔ ቀድሜ ካልሲዬ ውስጥ እከት እንደነበር ታውቅ ነበር? እኔ እንጃ፣ የምታውቅ ይመስለኛል።

ሽማግሌው የወሰዱኝ ሜዳ ላንግስተን ይባላል። ዲሲ ውስጥ፣ አናኮስቲያ ወንዝ አጠገብ። የሀብታም ሜዳ አይደለም። የተከፈተው በ1939 ነው። ያኔ ጥቁሮች የከተማዋ ደህና ደህና ሜዳዎች ላይ መጫወት አይፈቀድላቸውም። ወንዶቹም ሴቶቹም ማኅበር መሥርተው መንግሥትን ሲወተውቱ፣ የቆሻሻ መጣያ የነበረ መሬት ላይ ኳስ የሚገባበት ዘጠኝ ጉድጓድ ተሠራላቸው። አሥራ ስምንት የሞላው በ1955 ነው። ሽማግሌው ይኼን ሲነግሩኝ እንደ ታሪክ አይደለም፤ እንደ ቤት ጣጣ ነው። አባታቸው እዚያ ተጫውተዋል።

ዱላውን ሲሰጡኝ ሩር ልመታ መሰለኝ። ገና ጨዋታ ነዋ እኔ የማውቀው! እግሬን አንፈራጥጬ፣ በሙሉ ኃይሌ ሰነዘርኩ። ኳሷ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። ከመሬት የተነሳው ጉማጅ ሣር ግን ደህና ርቀት ሄደ። ደገምኩ፣ ሳትኩ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው፤ ጎልፍ ግን እመነኝ፣ ጌታም ሎሌም ያስቆጣል። የማትንቀሳቀስ ኳስ ናት! ማንም አይቀማህም፣ ማንም አይገፋህም። ተቀምጣ ትጠብቅሃለች፤ አንተ ትስታታለህ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ በየማታው መለማመጃው ላይ አንድ ባልዲ ኳስ እመታ ጀመር። አርባ ዶላር የማይሞሉ አሮጌ ዱላዎች ገዛሁ። ግራ አውራ ጣቴ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደደረ። አንድ ነገር ልንገርህ፤ ጥማቱ ሲመጣ እጅ ነው መጀመሪያ የሚቅበጠበጠው። ቅጠል መያዝ የለመደ ሰው ጠይቅ፣ እሱም ይነግርሃል። እጄ ውስጥ ዱላ ሲገባ ዝም አለ። ጥማቱ አልሄደም። እዚያው አጠገቤ ቆሞ ነበር፣ ግን ወረፋ ያዘ። ኳሷን አስቀምጣለሁ፣ ጉልበቴን ትንሽ አጥፋለሁ፣ ራሴን አላነሳም፣ እመታለሁ። ባልዲው ሲያልቅ ጨልሟል። ሁለት ሰዓት አልፏል። ዝይዎቹ ሜዳውን አበላሽተውት ሄደዋል። ቤቴ እገባለሁ።

ጎልፍ አዳነኝ አልልህም። በዚያው ዓመት ሁዳዴ እንደገባ ሽማግሌው ቤት ቁጭ ብለን ውድድር አየን። ክሪስ ከርክ የሚባል ተጫዋች አለ። በ2019 በመጠጥና በድባቴ ምክንያት ሙያውን ትቶ ወጥቶ የነበረ ሰው ነው። ያን ቀን መጨረሻው ጉድጓድ ላይ ኳሱን ውሃ ውስጥ ከተተና ከሌላው ጋር እኩል ሆነ። እኔ «አለቀለት፣ ዛሬ ማታ ይጠጣል» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ያን ነው ያሰብኩት። በመለያው አሸነፈ። ስምንት ዓመት ሊሞላው ነበር ካሸነፈ። ሽማግሌው ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ወጡ፤ ፊታቸውን አላሳዩኝም።

ሌላም ነበረ፣ ግሬሰን ማሪ። በ2024 መጀመሪያ ሃዋይ ላይ አሸንፎ፣ መጠጥ ከተወ ወራት እንደሆነው በአደባባይ ተናገረ። በግንቦቱ በ30 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። እና ዱላ ብቻውን የትም አያደርስም። እኔ መድኃኒቴም፣ ስብሰባዬም፣ ሽማግሌዬም አሉ። ደግሞ ቢራ በጋሪ ሜዳው ድረስ ይመጣልሃል እኮ! አሥራ ስምንቱን ስትጨርስ የምትገባበትን ቡና ቤት «አሥራ ዘጠነኛው ጉድጓድ» ነው የሚሉት። ሽማግሌውና እኔ አሥራ ሰባተኛው ላይ የመኪና ቁልፋችንን ከኪሳችን እናወጣለን። ከአሥራ ስምንተኛው ወደ መኪና፣ ቀጥታ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ።

መቁጠር የሚባል ነገር አለ። ጎልፍ ላይ ዳኛ አጠገብህ ቆሞ አይከተልህም። ጉድጓዱን ስትጨርስ «ስንት መታህ?» ትባላለህ፣ አንተው ትናገራለህ፣ ይጻፋል። አንድ ቀን ኳሴ ከውሃው ዳር ሣር ውስጥ ገባች። ሽማግሌው ራቅ ብለው ነበር። በእግሬ ገፋ አደረግኳት። መታሁ፣ ሳትኩ፣ ደግሜ መታሁ። «ስንት መታህ?» አሉኝ። «ስድስት» አልኩ። ጻፉ። ምንም አላሉም፤ አላዩም።

ስምንት ነበር። በጫማዬ የገፋኋት ሳትቆጠር።

ለስድስት ሰከንድ ያህል ነው የዋሸሁት፣ የገንዘብ ጨዋታ እንኳን አልነበረም። ግን «ስድስት» ያልኩበት ድምፅ «ሁለት» የምልበት ድምፅ ነበር። አወቅኩት። ሦስት ጉድጓድ አልፈን መቻል አቃተኝና ነገርኳቸው። እርሳሷን አውጥተው ሰርዘው ጻፉ። የገፋሁባትን ቅጣት ሁለት ምት ጨምረው አሥር። ከዚያ ቦቢ ጆንስ ስለሚባል የድሮ ጎልፍ ተጫዋች አወሩኝ። በ1925 የአሜሪካ ታላቁ ውድድር ላይ፣ ሊመታ ሲዘጋጅ ኳሱ ትንሽ ተነቃነቀች። ማንም አላየም። እሱ ግን ይቆጠርብኝ ብሎ ድርቅ አለ። ውድድሩ ሲያልቅ ከሌላ ሰው ጋር እኩል ወጣ፣ በመለያው ተሸነፈ። ያቺ ምት ባትቆጠር ዋንጫው የሱ ነበር። ሽማግሌው ይኼን ሲያወሩ ታዲያ ፊታቸው ብዙም አልፈካም። ጆንስ ኋላ ኦገስታ ባቋቋመው ሜዳ፣ ማስተርስ በሚባለው ውድድር፣ ጥቁር ተጫዋች የገባው በ1975 ነው፤ ሊ ኤልደር። ኤልደር በኋላ ላንግስተንን ያስተዳድር ነበር። «ሰውየው ምቱን ቆጥሯል፣ ሌላ ያልቆጠረው ነበረው» አሉኝ። ቀጥለው፣ «አንተስ?» አሉ።

እማማ ያረፉ ጊዜ እዚህ ያለን የሰፈር ልጆች አዋጣን። ሰብሳቢው እኔ ነበርኩ። 300 ዶላር ላኩልህ። «ልጆቹ ሥራ ቀዝቅዞባቸዋል፣ የተገኘው ይቺ ናት» አልኩህ። አንተም «እግዜር ይስጥልኝ፣ ለሁሉም ንገርልኝ» ብለህ አመሰገንከኝ።

የተሰበሰበው 300 አልነበረም። 1,150 ነው። 23 ሰው፣ ሃምሳ ሃምሳ ዶላር። የኔ ሃምሳ የለችበትም። 850ውን ጠጣሁት። ለአርባቸው ድግስ ተበድረህ እንደነበር ከሰው ሰማሁ፤ ስሰማም ጠጥቼ ነበር። ስልኬን የቀየርኩት በዚያው ሳምንት ነው።

እሳቸው እኮ በልጅነቴ አንድ ቀን እንኳ ጾሜን አላሳደሩኝም።

ኤኤ ውስጥ ካሉት አሥራ ሁለት እርምጃዎች ዘጠነኛው የበደልከውን ሰው መካስ ነው። አንተን ማስቀደም ነበረብኝ፤ ፈራሁና ከልጆቹ ጀመርኩ። ከ23ቱ 19ኙን አግኝቻለሁ። ሁለቱ ሰደቡኝ። አንዱ «እናውቅ ነበር» አለኝ፣ እሱ ነው ያመመኝ። የቀሩትን እየፈለግኩ ነው።

ይቅር በለኝ ብዬ አላጨናንቅህም። ብትቆጣ፣ ብትሰድበኝ፣ ባትደውል፣ ሁሉም ይገባኛል። ቁጥሬን ከፖስታው ጀርባ ጽፌዋለሁ። አይቀየርም። ባንተ ሰዓት ጠዋት ሲሆን እኔ ከመለማመጃው ተመልሼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ነቅቼ ነው የምገኘው።

ገንዘቡን ሰኞ በባንክ ልኬዋለሁ። 850 ከዚያ ጊዜ ያጎደልኩት ነው፣ 50 የኔ መዋጮ። 900 ነው። ሲደርስህ ግን እባክህ፣ ራስህ ቁጠረው።

አብሮ አደግህ