ባቡሩ ሳይነሳ የደረሰበት ዓመት፦ የታሪክና ቅርስ ክበብ ዘገባ

ይህ ዘገባ የሚጻፈው መጽሔቱ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ዓመቱን ሙሉ ልጆቹን "ሳትጽፉ በፊት ተዘጋጁ" ስል ከርሜ እኔ በመጨረሻው ሰዓት መሯሯጤ ያሳፍራል። ግን ጥፋቱ የኔ እንጂ የክበቡ አይደለም።

በጥቅምት ወር 23 ልጆች ተመዘገቡ። እኔም "የከተማችንን የባቡር ታሪክ ጻፉና አምጡ፤ አሥር ገጽ፣ ሁለት ሳምንት" አልኩ። በቃ፣ መመሪያዬ ይህችው ነበረች። የድሬዳዋ ልጅ አያቱ ወይ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፣ ወይ የምድር ባቡር ሠራተኛ ጎረቤት ነበሩ፤ ስለዚህ ይቀላቸዋል ብዬ ነው።

አራት ቡድኖች አራት ጽሑፍ ይዘው መጡ። ሦስቱ ከአንድ የቴሌግራም ቻናል የተገለበጡ ስለሆኑ የፊደል ግድፈታቸው ሳይቀር አንድ ነው። አራተኛውን አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ቆሞ አነበበልን። "የሐዲዱ ሥራ በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ።" ማንም ምንም አላለም። እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ከኋላ የተቀመጠች የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ ባቡሩ ሳይነሳ ነው እንዴ የደረሰው?" አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ልጁ ግን አልተሳሳተም፤ ሁለቱም ቁጥር ልክ ነው። 1897 የፈረንጅ ነው፣ በኛ 1890 ዓ.ም.። 1895 ደግሞ የኛ ነው፤ በፈረንጅ 1902 መጨረሻ ላይ ይውላል። አንዱን ካንዱ ቦታ፣ ሌላውን ከሌላ ቦታ ለቅሞ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። የማን አቆጣጠር ነው ብሎ አልጠየቀም፤ እኔ ጻፍ እንጂ ፈልግ አላልኩትማ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክሪብቶ ለማስታወሻ ካልሆነ አይነሳም ተባለ። የባቡሩ ታሪክ ዘገባ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ለአምስት ወር አልተጻፈም። ይህን የሰሙ አንድ ወላጅ በስብሰባ ላይ ተነስተው "ታዲያ ምኑን ክበብ ሆነ?" ብለውኛል፤ የሚያረካ መልስ አልሰጠኋቸውም።

መጀመሪያ የሠራነው ጥያቄ መቁረጥ ነው። "የባቡር ታሪክ" ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ ከየትም ብትጀምር፣ የትም ብታቆም ያው ነው። እያንዳንዱ ልጅ የሚገርመውን ነገር በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ጣለ። ከአርባ በላይ ሆነ። ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅንበትና አንዱ አሸነፈ፦ ባቡሩ ለምን ሐረር ሳይወጣ ድሬዳዋ ቀረ?

ይህ ጥያቄ የት እንደሚያደርሰን አላወቅንም ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ መስመሩን ሲቆጥር ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ከፋና ነጭ ዓባይ እያለ ነው። ድሬዳዋ የሚባል ስም በመስመሩ ውስጥ የለም። ልጆቹ ይህን ሲያገኙ ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ አንዱ "አቦ፣ እኛ እኮ ዕቅዱ ስለተበላሸ ነው የተፈጠርነው!" አለ።

ቀጥሎ ካርድ። የጫማ ካርቶን አመጣን፤ የአሮጌ ደብተር ሽፋን እየቆረጥን ካርድ አደረግነው። በአንድ ካርድ አንድ ነገር ብቻ ይጻፋል፤ ከየት እንደተገኘ ከታች፣ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ጥጉ ላይ። ይህ ያልተጻፈበት ካርድ ካርቶኑ ውስጥ አይገባም። ከእንቁጣጣሽ እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 እንደሚቀነስ ሁሉም ተማሪ በቃሉ ይላል፤ ሥራ ላይ ሲያውለው ያየሁት ግን ዘንድሮ ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባበት 1917 ወደኛ ሲመጣ 1909 ሆኖ፣ የድሬዳዋው 1902 ግን 1895 የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የከበደን ግን ሰው መጠየቅ ነው። ከዚራ ሰፈር የሚኖሩ አንድ የባቡር ወርክሾፕ ጡረተኛ ቤት ሄድን። ልጆቹ ቁጭ እንዳሉ "አባባ፣ እስቲ ስለ ባቡር ያጫውቱን" አሉ። "የቱን ልጆቼ? ሠላሳ ዓመት ነው የሠራሁት" አሉና ስለ ሠርጋቸው፣ ሊቶሪና ስለሚባለው ባለሞተር የመንገደኛ ባቡር፣ ድሮ ሰው ኩባንያውን ሸመንደፈር ይለው እንደነበር ሁለት ሰዓት አጫወቱን። ደስ ይላል። ሻዩም ጥሩ ነበር። ወደ ጥያቄያችን የሚጠጋ አንድም ካርድ ግን ይዘን አልወጣንም።

በሁለተኛው ጉዞ ሰባት ጥያቄ ተጽፎ ነበር። ሽማግሌው መሐንዲሶቹ ጋራውን አይተው ተስፋ ስለመቁረጣቸው ሲያወሩ፣ ሁላችንም ያው አንድ ነገር አሰብን፤ እሳቸው ያኔ አልተወለዱም። ግን ትልቅ ሰውን "አይተው ነው ወይስ ሰምተው?" ብሎ ማን ይጠይቃል? ያችው የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "አባባ፣ ይህን ማን አጫወተዎት?" አለች። ሳቁና "አባቴ ነዋ!" አሉ። ካርዱ ላይ "ከአባታቸው የሰሙት" ተብሎ ተጻፈ። እኔ በዩኒቨርሲቲ ለዚህ ነገር አንድ ሴሚስተር ተምሬበታለሁ፤ እንደሷ አድርጌ ግን ጠይቄ አላውቅም።

ጋራው እውነት ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች፣ መሀል ላይ ደግሞ የደንገጎ ዳገት አለ። ደንገጎን በተጫነ ሚኒባስ የወጣ ሰው ኩባንያው ለምን እንደፈራ መጽሐፍ አያስፈልገውም። በዚያ ላይ ገንዘቡ አልቋል። ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆሞ፣ ኩባንያው ከስሮ፣ በ1908 እ.ኤ.አ. ሌላ ኩባንያ ተተካ። አብዛኞቹ ልጆች መልሱ ጋራው ብቻ ነው ብለው ነበር የጀመሩት፤ ሁለቱን አስታርቆ ማስቀመጥ የተቻለው ካርዶቹ ወለል ላይ ተዘርግተው፣ አንዱ ከአንዱ ቀጥሎ እየተደረደሩ ሲታዩ ነው። ያ አደራደር ነው በኋላ ዘገባው የሆነው።

መጻፉ ራሱ በሚያዝያ ስድስት ቀን ብቻ ወሰደ። 11 ገጽ ወጣው። ከካርዶቹ ሲሶ የሚያህሉት አልገቡም፤ የሊቶሪናው ጭምር፣ ለዚህም እስካሁን የሚያኮርፉኝ ልጆች አሉ።

አንድ ቅጂ ቤተ መጻሕፍት ታገኛላችሁ፣ አንዱን ለአባባ ሰጥተናል። ገጽ 8 ላይ ግማሹ ባዶ መሆኑ የማተሚያ ስህተት አይደለም። እዚያ የሚገባው የቀን ሠራተኞቹ ደመወዝ ነበር። ለአንድ መሥሪያ ቤት በጥር ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አስገብተናል፤ "ነገ ኑ" ብለውናል።