ዓውደ ምሕረት ላይ የቆመው ውሻ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ የሕንፃ ስሪ ዲ፣ ማለትም ያልተሠራ ሕንፃ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ የኮምፒውተር ምስል እየሠራሁ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። «ኮምፒውተር መጥቶ ሥዕልን ገደለው» ሲባል ስሰማ ቆሽቴ ያራል። ገዳዮቹስ እኛ ነን፤ ሰው መሳል ትተናል።

ባለፈው መንዝ ውስጥ ለሚሠራ ቤተ ክርስቲያን ምስል አዘጋጅቼ ለኮሚቴው አሳየሁ። ድንጋዩ ልቅም ያለ፣ ጉልላቱ የሚያብለጨልጭ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። አንዲት እናት ጠጋ ብለው አዩና «ልጄ፣ እነዚህ ደግሞ ከየት የመጡ ናቸው?» አሉኝ። ለካ ዓውደ ምሕረቱ ላይ የደረደርኳቸው ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጡትን ሰዎች ነው። አንዱ ቁምጣ ለብሷል። አንዷ ውሻ ይዛለች። ዓውደ ምሕረት ላይ ውሻ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማታ ቤቴ ገብቼ በእርሳስ አንድ ሽማግሌ ሳልኩ፤ በርኖስ የደረቡ፣ ከዘራ የያዙ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው። ስካን አድርጌ ደረጃው ሥር አቆምኳቸው። በሳምንቱ ስለ ጉልላቱ ያነሳ አልነበረም። «እኚህ አባት ይሄን እንዴት አድርገው ነው የሚወጡት?» ሆነ ወሬው ሁሉ። እውነታቸውን ነው፣ ደረጃው ለሽማግሌ አይሆንም። ዝቅ አደረግነው፣ የእጅ መደገፊያም ጨመርንበት። ስንት ሌሊት ኮምፒውተሩ ላይ ምስሉን ሳወጣ ያልታየኝን ነገር አንድ የእርሳስ ሥዕል አሳየኝ።

የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊዎቻችን ሰውን በርቀት አይለኩትም። ጻድቁን ፊት ለፊት ከነሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን ይስሉታል። ቅዱሱን ያገዝፉታል፤ ሥዕሉን ያሠራውን ጌታ ግን፣ ገንዘቡን የከፈለውን ማለቴ ነው፣ ከእመቤታችን እግር ሥር አሳንሰው ይደፉታል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የቀረበውን ማተለቅ፣ የራቀውን ማሳነስ ብቻ ነው። ለግንበኛ እሱ ያስፈልጋል፣ አልክድም። ግን አፍሪካ አዳራሽን ሳስብ ዓይኔ ላይ የሚመጡት የአንኮበሩ ተወላጅ ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ላይ ያቆሟቸው ሰዎች ናቸው፣ ኮንክሪቱ አይደለም።

የሙያ ጓደኞቼ፣ እስቲ የራሳችንን ሰው እንሳል። እኔ ነጠላ ያጣፉ እናቶችን፣ ጋቢ የለበሱ አባቶችን፣ አንድ እረኛም ጨምሬ እስካሁን 11 ሰው ሥዬ በፍላሽ ይዣለሁ፤ የሚፈልግ በነፃ ይውሰድ። አህያዋ ግን እስካሁን እምቢ ብላኛለች።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን