ግልጽ ደብዳቤ፦ ስለ አባቴ አሥር መርፌዎች

ለጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። 34 ዓመት ጠመኔ የያዘው ቀኝ እጃቸው አምና በጥቅምት፣ አንድ ሌሊት ከዳቸው። ስትሮክ ነበር። ከሆስፒታል በወጡ በሦስተኛው ሳምንት አንድ የግል ክሊኒክ «የሞተውን የአንጎል ክፍል መልሶ የሚያበቅል» የግሮውዝ ፋክተር (ዕድገት ሰጪ ፕሮቲን) መርፌ እንዳለው ነገረን። ታናሽ ወንድሜ ከሪያድ የአራት ወር ደመወዙን ላከ። አባቴ አሥር መርፌ ተወጉ። ብልቃጦቹ ላይ የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበት ወረቀት ተልጦ ነበር። ምን እንደሆነ ስጠይቅ «ዕድገት ሰጪ ፕሮቲን ነው» ከመባል በቀር ያገኘሁት መልስ የለም። እጃቸው እንደተኛ ቀረ።

ገንዘቡ እንዲመለስልን አይደለም የምጽፈው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ ያነበብኩትን እናንተ ቀድማችሁ ልትነግሩን ይገባ ነበር።

የነገሩ መነሻ እውነት ነው። የነርቭ ሴልን የሚያሳድግ ፕሮቲን ያገኙት ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒና ስታንሊ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1986 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ስትሮክ እንዲይዛቸው የተደረጉ አይጦች እንዲህ ያሉ ፕሮቲኖች ሲሰጧቸው የተሻለ ማገገማቸውም ደጋግሞ ታይቷል። ሰው ላይ ሲደርስ ግን ተስፋው ከሸፈ። ከእነዚህ ፕሮቲኖች አንዱ የሆነው፣ ለኩላሊት ሕመምተኞች ደም ማነስ የሚታዘዘው ኤሪትሮፖይቲን በጀርመን በ522 የስትሮክ ሕመምተኞች ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት ያስደነግጣል፦ መድኃኒቱን ከወሰዱት 16.4 በመቶ ሞቱ፤ መድኃኒት የሌለበት መርፌ ከተወጉት ደግሞ 9 በመቶ። ነጭ የደም ሴሎችን የሚያበዛው ጂ-ሲ-ኤስ-ኤፍ የተባለው ፕሮቲንም በ328 የስትሮክ ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ ጥቅም አልታየበትም። ፋይብሮብላስት ግሮውዝ ፋክተር የተባለው የሌላ ዕድገት ሰጪ ፕሮቲን ሙከራም ሳያልቅ ተቋረጠ።

ለምን? ብዙዎቹ ፕሮቲኖች ትልልቅ ስለሆኑ በደምና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር በቀላሉ አይሻገሩም። ደግሞም የቤተ ሙከራ አይጥ አብዛኛውን ጊዜ ወጣትና ጤነኛ ናት፤ መርፌውንም ብዙ ጊዜ የምታገኘው በሰዓታት ውስጥ ነው። አባቴ የ71 ዓመት ሰው ናቸው፤ ግፊትም ስኳርም አለባቸው፤ የተወጉትም ከሳምንታት በኋላ ነው። ምርምሩ እንዲቀጥል ከልቤ እመኛለሁ። ያልተረጋገጠ ነገር ለጨነቀው ቤተሰብ ሲሸጥ ግን ዝም ማለት አልችልም።

አሁን የአባቴ እጅ መንቀሳቀስ ጀምሯል። ያንቀሳቀሰው ሽምብራ ነው። ፊዚዮቴራፒስት የሆነ የጎረቤታችን ልጅ አንድ ሳህን ሽምብራ አስመጥቶ «ጋሼ፣ አንድ በአንድ እያነሱ ሲኒው ውስጥ ይጨምሩ» አላቸው። የመጀመሪያው ቀን አንዲት ፍሬ ለማንሳት ላብ አጠመቃቸው፤ ሁለት ጊዜ ከጣታቸው አምልጣ ከአልጋው ሥር ገባች። እናቴ በየማለዳው አጠገባቸው ቁጭ ብላ ትቆጥራለች። ባለፈው ሳምንት አርባ አደረሱ። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች እንቅስቃሴ አንጎል ራሱ የሚሠራውን ቢ-ዲ-ኤን-ኤፍ የተባለ ዕድገት ሰጪ ፕሮቲን እንደሚጨምር ታይቷል። ይህን ሳነብ ወንድሜ የላከው ገንዘብ ትዝ ብሎኝ አለቀስኩ። በዚያ ገንዘብ ስንት ወር ሙሉ ባለሙያ ቤታችን ድረስ ይመላለስ ነበር!

ስለዚህ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱን እጠይቃለሁ። ለስትሮክ ማገገሚያ ተብሎ በአገራችን የተፈቀደ የግሮውዝ ፋክተር መድኃኒት አለ? ካለ ስሙን፣ ከሌለም አለመኖሩን ገጠር ድረስ በሚሰማ ሬዲዮ፣ ሕዝቡ በሚናገራቸው ቋንቋዎች ንገሩን። ስሙ የተላጠ ብልቃጥ የሚወጋ ክሊኒክ ይጠየቅ። «ጥናት ላይ ነን» የሚል ካለ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃዱን ያሳይ፤ ለሚሞከርበት መድኃኒትም ሕመምተኛው ገንዘብ አይክፈል።

ጤና ሚኒስቴርን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በየጤና ጣቢያው ፊዚዮቴራፒስት መድቡልን። እኛን ያዳነን የጎረቤት ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ጎረቤት የሌለው ስንት ቤት አለ? ከስትሮክ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ወራት ለማገገም ከሁሉ የበለጠ ዋጋ አላቸው፤ አባቴ ከእነዚያ ወራት የሚበዛውን መርፌ ሲጠብቁ አሳለፉት።

አሥሩንም ባዶ ብልቃጦች በካርቶን አድርጌ አስቀምጫቸዋለሁ። መርማሪ ብትልኩ አስረክባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ የስትሮክ ሕመምተኛ ልጅ