የጌም ቀጥታ ስርጭት የሚዘገየው በኔትወርክ ብቻ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከባሕር ዳርም ሆነ ከደብረ ማርቆስ ጌም በዩቲዩብ በቀጥታ የሚያስተላልፉ ወጣቶች፣ ተመልካች ለጻፈው ጥያቄ መልሱ ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ ሲደርሰው ጥፋቱን በሙሉ ኔትወርክ ላይ ጥለው ከፍ ያለ ፓኬጅ ይገዛሉ። ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ በከንቱ ይወጣል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ገመዱ ተጠማዝዞ 10,000 ኪሎ ሜትር ቢረዝም እንኳ ርቀቱ የሚጨምረው 50 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ሰከንዶቹ የሚጠፉት ሌላ ቦታ ነው።

ሰርቨሩ ቪዲዮውን በጥቂት ሰከንድ ቁርጥራጭ ከፍሎ ያሰራጫል፤ እንደ ሚኒባስ ቁራጩ ሳይሞላ አይነሳም። የተመልካቹ ስልክ ደግሞ ምስሉ እንዳይቆራረጥ ብዙውን ጊዜ ሦስት ያህል ቁራጭ ካጠራቀመ በኋላ ነው ማጫወት የሚጀምረው። ቁራጩ 4 ሰከንድ ከሆነ 12 ሰከንድ ሄደ ማለት ነው። ቁራጭ የሚጀምረው ደግሞ ኪፍሬም ከሚባለው ሙሉ ምስል ላይ ነው። ስርጭቱን ከኮምፒውተር በሚልከው ኦቢኤስ በተባለው ፕሮግራም ላይ የኪፍሬም ርቀቱ 0 ሆኖ ከተተወ፣ በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) በሚልክ ስርጭት ከአንዱ ኪፍሬም እስከ ሌላው ከ8 ሰከንድ በላይ ሊያልፍ ይችላል። 2 ሰከንድ ብላችሁ ሙሉት። ከዚያ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ከስርጭቱ ቅንብር «ሎው ሌተንሲ»ን (አነስተኛ መዘግየት) ምረጡ። «አልትራ ሎው» ከዚያም ያሳጥራል፤ ግን የተመልካቹ ስልክ የሚያጠራቅመው ስለሚያንስ መስመሩ ትንሽ ሲንገዳገድ ምስሉ ይቆማል። በስልክ ዳታ ለሚያስተላልፍ ሰው አንመክረውም።

ቢትሬት ላይ፣ ማለትም በየሰከንዱ በሚላከው የዳታ መጠን ላይ የሚሠራው ስህተት ከሁሉም ይከፋል። የአፕሎድ ፍጥነታችሁን ሰው በሚበዛበት በምሽት ለኩ። በሰከንድ 5 ሜጋቢት ከሆነ ቪዲዮው ከ3,000 ኪሎቢት፣ ድምፁ ከ128 አይለፍ፤ ለ720 ጥራት በ30 ፍሬም ይበቃል። መስመሩን አፍኖ የሚሞላ ቢትሬት ሲመረጥ ዳታው ራውተሩ ውስጥ ይሰለፋል፣ የጌሙም ፒንግ (የምላሽ መዘግየቱ) አብሮ ይሰቀላል። የጠፋ ፓኬት (የዳታ እሽግ) እንደገና ስለሚላክ ሰልፉ ይረዝምና ኦቢኤስ ፍሬም መጣል ይጀምራል። አንዴ የቆመ ተመልካች ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደዘገየ ይቀጥላል፤ «ላይቭ» የሚለውን ቁልፍ እንዲነካ ንገሩት።

የኦቢኤስን የስታትስ መስኮት ክፈቱ። በኔትወርክ የተጣለ ፍሬም ከበዛ ቢትሬቱን ቀንሱ፣ ወይም ዋይፋዩን ትታችሁ በኬብል ግቡ። ኬብል ከሌለ 5 ጊጋኸርዝ ይሻላል፤ 2.4 ከጎረቤት ራውተሮች ጋር ይጋጫል። በኢንኮዲንግ (ቪዲዮውን በመጭመቅ ሥራ) የዘለለ ፍሬም ከበዛ ግን ኢንተርኔቱ ንጹሕ ነው፣ የደከመው ኮምፒውተሩ ነው። የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ካለ መጭመቁን ካርዱ ራሱ ወደሚሠራበት ኤንቬንክ ቀይሩ፣ ከሌለ ኮምፒውተሩን ብዙ በማያደክመው «ቬሪፋስት» ቅንብር ላይ ይሁን። «ዜሮ ሌተንሲ» የሚለውን ቅንብር እንደ መድኃኒት የሚያወሩለት አሉ፤ የሚያተርፈው ሚሊሰከንዶች ነው፣ የምስሉ ጥራት ግን ይወርዳል። መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ሰፈር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ስትገዙ ራውተሩንም ሰኩበት፤ ኮምፒውተሩ በርቶ ራውተሩ ከጠፋ ስርጭቱ ያው ተቋረጠ።

ለመለካት ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ጌሙ ላይ አሳዩና፣ ያንን ስክሪንና ስርጭቱን የሚያሳየውን ሌላ ስልክ በአንድ ፎቶ አንሱ። የሁለቱ ሰዓቶች ልዩነት መዘግየቱ ነው። ቅንብር በቀየራችሁ ቁጥር ድገሙት፣ ሁለት ነገር ግን በአንድ ጊዜ አትቀይሩ።

በውድድር ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። ተጋጣሚው ስርጭቱን ከፍቶ የእናንተን ስክሪን የሚያይ ከሆነ መዘግየቱ ይጠቅማችኋል። ኦቢኤስ «አድቫንስድ» ውስጥ «ስትሪም ዲሌይ» አለ፤ 30 ወይም 60 ሰከንድ ስጡት፣ ውድድሩ ሲያልቅም አጥፉት። ሳይጠፋ ተረስቶ በማግስቱ «ኔትወርኩ ተበላሸ» የሚባልበት ጊዜ አለ።

ከአክብሮት ጋር
ከደብረ ማርቆስ